ከፋኒ እስከ እማሆይ፦ ፒያሳ ላይ የሰማሁት የቻምበር ሙዚቃ

የጀርመናዊቷን የሙዚቃ ደራሲ የፋኒ ሜንደልሶንን ትሪዮ (ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የተጻፈ ሥራ) አዲስ አበባ ውስጥ፣ በእኛው ልጆች እጅ፣ እንዲህ ቀርቤ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ አዳራሽ ሰማሁት። ሦስቱ ወጣቶች ዝግጅቱን ለመድገም እያሰቡ ነው። ሲደግሙት አዳራሹ ሞልቶ እንዲጠብቃቸው ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው። መስተካከል ያለባቸውን ነገሮችም አልደብቅም፤ ሥራው በቁም ነገር ሊወሰድ የሚገባው ስለሆነ።

የቻምበር ሙዚቃ ለጥቂት ተጫዋቾች የሚጻፍ ነውና ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው፤ ፒያኖና ቼሎ የሚጫወቱት ሴቶች፣ ቫዮሊኒስቱ ወንድ። እሱም ለአንድ ሥራ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ተለቅና ድምፁ ወፈር የሚለውን መሣሪያ፣ ያነሳል። መግቢያው 300 ብር ነው፣ ለተማሪ 100። ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 11፡20 ላይ ተጀመረ፤ በዝናቡ ምክንያት ታክሲ የጠፋበት ሰው እስኪገባ ነው የጠበቁት፣ ጥሩ አደረጉ። የዝግጅቱ ሐሳብ ደግሞ ቀላል ነው፦ ሥራቸው ሳይነበብና ሳይሰማ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሴት የሙዚቃ ደራሲያንን ማጫወት። ከቀረቡት መካከል አንዱ ሥራ ግን የሴት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ፒያኖ አስተምራለሁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ሴቶች ልጆች ናቸው። ስማር እጄ የገባው ኖታ የባህ፣ የሞዛርት፣ የቤትሆቨን፣ የሾፓን ነበር፤ አንድም ቀን የሴት ደራሲ ኖታ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሳስተምርም ያንኑ ነው ሳስተላልፍ የኖርኩት። ስለዚህ ከተማሪዎቼ አንዷን፣ የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጋር ይዤ ሄድኩ።

መክፈቻው የክላራ ሹማን ትሪዮ ነበር፤ ጂ በምትባለው ድምፅ ላይ በተመሠረተው ጂ ማይነር የተጻፈው ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 17። ክላራ ይህን በ1846 ስትጽፍ አራት ልጆች ወልዳለች፣ ባሏ ሮበርት በሕመም ሲማቅቅ ከርሟል፣ እሷ ደግሞ በመላው አውሮፓ ስሟ የታወቀ ፒያኒስት ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ከዚያ በፊት በ1839 በማስታወሻ ደብተሯ ላይ፣ ሙዚቃ የመድረስ ተሰጥኦ ያላት ይመስላት እንደነበር፣ አሁን ግን ሐሳቡን እንደተወችው፣ ሴት ልጅም ለመድረስ መመኘት እንደሌለባት ጽፋ ነበር። እንደዚያ የጻፈች ሴት ከሰባት ዓመት በኋላ ይህን ሥራ ሠራች። ሮበርት የራሱን የመጀመሪያ ትሪዮ የጻፈው በዓመቱ ነው፤ እሷም የእሱን ከሰማች በኋላ የራሷን አጣጣለችው። ቅዳሜ ዕለት የሰማ ሰው ግን የሚጣጣል ነገር አላገኘበትም።

አጨዋወቱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ክፍል ጠንከር ያለ፣ ትንሽም የተጨነቀ ነበር። ሦስቱም ዓይናቸውን ከኖታው ላይ አላነሱም፤ ፒያኖው ደግሞ ቼሎውን ይውጠዋል። በዚያ ላይ አዳራሹ ያለው ፒያኖ አሮጌ የቁም ፒያኖ ነው። ከመሀሉ ሲ በላይ ያለችው ኤፍ ሻርፕ ስትጫኗት ትወርዳለች፣ ቶሎ ግን አትመለስም። የክረምቱ እርጥበት እንጨቱን ሲያሳብጠው የሚመጣ ችግር ነው፤ ፒያኖ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጂ ማይነር ውስጥ ኤፍ ሻርፕ ምን ማለት እንደሆነች ለሚያውቅ ሰው ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ዜማው ወደ መነሻው የሚመለሰው በእሷ በኩል ነው። ፒያኒስቷ በየክፍሉ መሀል ቁልፏን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ታነሳታለች፣ ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ትቀጥላለች። ፊቷ ላይ አንዳች የመበሳጨት ምልክት አላየሁም። ለአዳራሹ ባለቤቶች የምለው፣ 300 ብር አስከፍላችሁ ፒያኖ ስታቀርቡ ከሁለት ቀን በፊት ባለሙያ ጠርታችሁ አስፈትሹት።

ሦስተኛው ክፍል፣ ረጋ ያለው አንዳንቴ፣ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ፒያኖው ብቻውን ይጀምራል፤ ቫዮሊኑ ያንኑ ዜማ ይቀበላል፤ ኋላ ላይ ለቼሎ ይደርሰዋል። ቼሊስቷ እስከዚያ ድረስ ተደፍና የነበረችው ልጅ ትከሻዋን ለቀቅ አድርጋ፣ ደጋኑን ከዳር እስከ ዳር እየጎተተች፣ ሳትቸኩል ተጫወተችው። ከኋላዬ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት «እሰይ» አሉ፤ ጮክ ብለው ነው ያሉት፤ ማንም ዞሮ አላፈጠጠባቸውም። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ሦስቱ መሣሪያዎች እየተከታተሉ አንዱ ሐሳብ ላይ የሚገቡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የአዳራሹ ዝቅተኛ ድምፅ ስለተደበላለቀ መስመሮቹ አልተለዩም። ፍጥነቱን ትንሽ ቢቀንሱት ይጠራ ነበር።

የሊሊ ቡላንዤን ኖክተርን (የሌሊት ስሜት ያለው ሥራ) በቫዮሊንና በፒያኖ ተጫወቱት፤ አጭር ነው፣ ደስ ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለወረደ ግማሹን አልሰማነውም። ሊሊ በ1913 በ19 ዓመቷ ፕሪ ደ ሮም የተባለውን ትልቁን የፈረንሳይ የሙዚቃ ሽልማት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በ24 ዓመቷ አረፈች። ከእሷ ሥራ ጠንከር ያለ ነገር ቢመረጥ ደስ ይለኝ ነበር። ከመሞቷ በፊት የጻፈቻቸው፣ አንዱ የፀደይ ጠዋት ሌላው ኀዘን ያጠላበት ምሽት የሚል ርእስ ያላቸው ሁለት ሥራዎች አሉ፤ የሚነሡት ከአንድ ዓይነት የዜማ ሐረግ ነው። ሁለቱም በትሪዮ የሚጫወቱ ሆነው ተጽፈዋል፤ ለእነዚህ ልጆች ልክ ነበሩ።

ስለ አስተዋዋቂው መናገር አለብኝ። ከየሥራው በፊት ማይክ ይዞ እየወጣ የደራሲዋን ሕይወት ይተርካል፤ ትረካው በሙሉ ሞትና በደል ነው። ይቺ በለጋነቷ ተቀጨች፣ ያቺ ልጆቿ ሞቱባት፣ ሌላዋን ቤተሰቧ አፈናት፤ መድረኩን የለቅሶ ቤት አደረገው። የተናገረው ሐሰት አይደለም። ግን ሰው የሚያዝንላትን ሴት ሙዚቃ በሐዘኔታ ነው የሚሰማው፤ በሐዘኔታ የተሰማ ሙዚቃ ደግሞ ተመርምሮ አይሰማም፣ ተወዶ ተመርጦ አይደገምም። ስለ ሉዊዝ ፋረንክ ቢነግረን ምን ነበረበት? ፋረንክ ከ1842 ጀምራ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ የፒያኖ ፕሮፌሰር ነበረች፤ የሚከፈላት ከወንዶቹ ያነሰ ነበር። ለዘጠኝ መሣሪያዎች የጻፈችው ኖኔት በ1850 ተጫውቶ ሲወደድላት ሄዳ እኩል ደመወዝ ጠየቀች፣ አገኘችም። ተማሪዬ ይህን ብትሰማ ኖሮ ወደ ቤቷ ሌላ ነገር ይዛ ትሄድ ነበር።

ከእረፍት በኋላ (ሻይና ዳቦ ቆሎ ነበር፣ ሻይው ቅርንፉድ ያለበት፣ ጥሩ) ቫዮሊኒስቱ ቪዮላ ይዞ ወጣ። ቪዮላ በዚህ ከተማ ብቻውን ፊት ወጥቶ ሲጫወት ማየት ብርቅ ነው። የመረጡት የሬቤካ ክላርክን ሶናታ (ለቪዮላና ለፒያኖ የተጻፈ ባለ ሦስት ክፍል ሥራ) የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ የ1919 ሥራ። ክላርክ ራሷ ቪዮሊስት ነበረች፣ የምትጽፈውም መሣሪያው የት ላይ እንደሚያጉረመርም፣ የት ላይ እንደሚዘፍን አውቃ ነው። ያን ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኤሊዛቤት ስፕራግ ኩሊጅ የተባለች የሙዚቃ ደጋፊ ባዘጋጀችው ውድድር ላይ ስም ሳይጻፍበት አቅርባው ከሙዚቃ ደራሲው ከኤርነስት ብሎክ ሥራ ጋር እኩል ድምፅ አገኘ። ኩሊጅ ለብሎክ ድምፅ ሰጥታ ለየችው። የሁለተኛው ሥራ ባለቤት ሴት መሆኗ ሲታወቅ «ሬቤካ ክላርክ» የብሎክ የብዕር ስም ይሆናል የሚል ወሬ ተነሣ። ሴቲቱ በአካል እያለች ማለት ነው።

ግን ወደ ሙዚቃው። ክላርክ ዜማዋን ብዙ ቦታ ላይ የምትሠራው በአምስት ድምፅ ነው። ቪዮላው ብቻውን ጮኾ ሲገባ፣ ከዚያም ያ ዜማ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ አዳራሹ ውስጥ የሆነ መነቃቃት ነበር። ሰው ቀና አለ። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ያደገ ጆሮ አምስት ድምፅን ሲሰማ ማንም ሳይነግረው ይለየዋል። የእኛ ቅኝት ነው ማለቴ አይደለም፤ የድምፆቹ ርቀት ሌላ ነው፣ ፒያኖው ከሥር የሚያደርገውም ሌላ ነው። ግን በር ከፈተ። ልጁ ደግሞ በልኩ ተጫወተው፤ ዝቅተኛው ክር ላይ ደጋኑን ከፒያኖው ኃይል ጋር እያስተያየ፣ አንድም ቦታ ሳይፈጭ። ሦስቱንም ክፍል ባለመጫወታቸው ቅር ብሎኛል።

አሁን ወደዚያ ሴት ወዳልጻፈችው ሥራ። በፕሮግራሙ ላይ «ሲሲሊየን፣ ማሪያ ቴሬዝያ ፎን ፓራዲስ» ይላል። ለስላሳ፣ ጆሮ ላይ የሚቀር ዜማ ነው፤ በሠርግም በፊልምም ሰምታችሁት ይሆናል። ፓራዲስ እውነተኛ ሰው ናት፤ በ1759 ቪየና ተወልዳ፣ ገና በሕፃንነቷ ዓይኗን አጥታ፣ በፒያኒስትነት አውሮፓን የዞረች፣ ኦፔራ ሳይቀር የጻፈች፣ ኋላም የሙዚቃ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት። ይህ ሲሲሊየን ግን የእሷ እንዳልሆነ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አገኘሁት ብሎ ያወጣው ሳሙኤል ዱሽኪን የተባለ ቫዮሊኒስት ነው፣ ራሱ እንደሠራውም ይታመናል፤ መነሻው የሙዚቃ ደራሲው የካርል ማሪያ ፎን ቬበር የቫዮሊን ሶናታ ነው። ሥራቸው ለተረሳ ሴቶች በተዘጋጀ ምሽት ላይ ወንድ ሠርቶ በሴት ስም ያወጣውን ማጫወት፣ የእሷን እውነተኛ ሥራ ግን መተው፣ ለእኔ ያማል። ፓራዲስ ለድምፅና ለፒያኖ የጻፈቻቸው መዝሙሮች ዛሬም አሉ። ዘፋኝ ማግኘት ለአዲስ አበባ ችግር አይደለም። እኛ በዓይነ ስውርነታቸው ቅኔ ያስነገሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያፈራን ሕዝብ ስለሆንን፣ የዚህች ሴት የራሷ ድምፅ እንዲደርሰን መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል። ተጫዋቾቹን ጠጋ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቼሊስቷ ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ፋኒ መጣች።

ስለ ፋኒ ብዙ ሰው የሚያውቀው የፌሊክስ ሜንደልሶን ታላቅ እህት መሆኗን ነው። በ1820፣ ገና በ14 ዓመቷ፣ አባቷ ሙዚቃ ለወንድምሽ ምናልባት ሙያው ይሆናል፣ ለአንቺ ግን ጌጥ ከመሆን ማለፍ የለበትም የሚል ደብዳቤ ጻፈላት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው የእኛ ተረት በርሊን ውስጥም ሠርቷል፤ ከዘፈኖቿ የተወሰኑት በፌሊክስ ስም ታተሙ። በ1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ከወንድምየው ዘፈኖች የወደደችውን መርጣ ስትዘፍንለት፣ የመረጠችው የእህቱን ሆነ፤ እሱም የማን እንደሆነ ለመናገር ተገደደ። ፋኒ ግን ተቀምጣ አላለቀሰችም። ከ450 በላይ ሥራ ጻፈች፤ በርሊን ቤቷ ውስጥ በየእሑዱ ኮንሰርት አዘጋጀች፣ መራች፣ ተጫወተች። በ1846 በራሷ ስም ማሳተም ጀመረች። ይህን በዲ ማይነር የተጻፈ ትሪዮ በሚያዝያ 1847 ለታናሽ እህቷ ልደት አበረከተች፤ በወሩ፣ ለቀጣዩ የእሑድ ዝግጅት ልምምድ ላይ ሳለች ስትሮክ መታት፣ በ41 ዓመቷ ሞተች። ትሪዮው የታተመው በ1850 ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የፒያኖው ክፍል ከባድ ነው፤ ፈጣን ድምፆች ከሥር እየተንከባለሉ ቫዮሊኑና ቼሎው ከላይ ረጅሙን ዜማ አብረው ይይዛሉ። በክላራ ላይ ተጨንቀው የነበሩት ሦስት ልጆች እዚህ ሌላ ሰው ሆኑ። ፒያኒስቷ ሩጫውን ወደታች አድርጋ፣ ፔዳሉን በስስት እየነካች፣ ዜማውን ለሁለቱ ለቀቀችላቸው፤ እነሱም እየተያዩ ተጫወቱ። የኤፍ ሻርፕዋን ነገር ሳይቀር መላ አግኝታለት ነበር፤ እዚያች ድምፅ ላይ ስትደርስ ጣቷን ቀድማ ታነሳለች፣ ቁልፏ እንድትመለስ ጊዜ እንዲኖራት። አስተማሪ ስለሆንኩ እጅ እጇን ነበር የማየው፤ ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ማስተካከል የከባድ ሥራ ውጤት ነው። ኖታቸው ፎቶ ኮፒ ነው፣ በፕላስተር የተያያዘ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ንፋሱ እንዳይገልጠው በልብስ መቆንጠጫ አስይዘውታል። ቼሊስቷ ገጽ ስትገልጥ አንዷ መቆንጠጫ ወደቀች፤ ፊት የተቀመጠ ጎረምሳ ብድግ ብሎ አንሥቶ መልሶ ቆነጠጠላት፤ እሷም አንድ ድምፅ አላመለጣትም።

ሦስተኛውን ክፍል ፋኒ ራሷ ዘፈን ብላዋለች። አጭር ነው፤ አንድ ዜማ በሦስቱ መካከል ይዘዋወራል። ጌጥ ማስገባት ይቻል ነበር፣ አላስገቡም። የመጨረሻው ክፍል ሲጀምር ሁለቱ ደጋናቸውን አውርደው ፒያኖው ብቻውን፣ በዚያው ቅጽበት የፈለሰፈው እስኪመስል ድረስ፣ ይጫወታል። ፒያኒስቷ እዚህ ቦታ ላይ ሰዓቱን ረሳችው፤ ዝምታዎቹን ሳትፈራ አስረዘመቻቸው። ሲያልቅ እነዚያ እናት እልል አሉ፣ ሌሎችም ተቀበሏቸው። በየክፍሉ መሀል አይጨበጨብም ብለው የሚቆጡ ሰዎች አሉ፤ ያን ምሽት ግን ሰው በየክፍሉ ሲያጨበጭብ ተጫዋቾቹ ፈገግ እያሉ ጠበቁት፤ እኔም ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ።

መሸኛ ላይ ፒያኒስቷ ብቻዋን ተመልሳ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ዘ ሆምለስ ዋንደረር» በሚል ርእስ የሚታወቀውን ሥራ ተጫወተች። የጥንት ስማቸው የውብዳር ነው፤ በ1923 እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በኋላ ካይሮ የቀጠሉ፣ በ21 ዓመታቸው ግሸን ማርያም የመነኮሱ። በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ታተመ፤ ገቢውንም ለወላጅ አጥ ልጆች አዋሉት። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። ፒያኒስቷ መጀመሪያ ላይ በጣም በልክ፣ ምቱን እየቆጠረች ተጫወተችው። የእማሆይ ሥራ ግን ቆጠራ አይወድም፤ ቀኝ እጁ በራሱ ትንፋሽ ነው የሚሄደው፣ ግራ እጁ ይከተለዋል እንጂ አይጎትተውም። ወደ መሀል ስትደርስ ለቀቀችው፤ የቅዳሜው ምርጥ የፒያኖ ድምፅም የተሰማው እዚያ ላይ ነው።

ቅሬታዬ በቦታው ነው። እማሆይ መሸኛ አይደሉም። ሰው ወንበሩን እያንኳኳ፣ ጃንጥላውን እየፈለገ፣ ራይድ እየጠራ የሚሰማቸው ደራሲ መሆን የለባቸውም። ዛሬ በየካፌው ሙዚቃቸው ይከፈታል፤ ስንቱ ነው የማን እንደሆነ አውቆ የሚሰማው? ሥራቸው ረጅሙን ዘመን ተሰሚነት ያላገኘው በገዛ ከተማቸው ነው፤ ስለ ተረሱ ሴት ደራሲያን የሚዘጋጅ የአዲስ አበባ ዝግጅት መነሻው እዚህ ሊሆን ይገባል። ከእረፍት በኋላ ያለው የዝግጅቱ አጋማሽ መክፈቻ ይሁኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሥራቸው ይጫወት፣ ከዚያ የክላርክ ቪዮላ ይከተል፤ የእኛ አምስት ድምፅና የእሷ አምስት ድምፅ ጎን ለጎን ይሰሙ።

ሲያልቅ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የመጨረሻዋን እኔ መጫወት እችላለሁ?» አለችኝ። ግራ እጇ ገና ጠባብ ነው፤ ትችያለሽ አልኳት፣ ቀስ ብለን። የፋኒንና የክላራን ኖታ ከየት እንዳገኙት ፒያኒስቷን ጠየቅኋት፤ የቅጂ መብት ዘመኑ ያለፈ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ያተሙትም ከዚያው ነው። ስለዚህ ኖታ የለም የሚል ምክንያት ለእኛ ለአስተማሪዎች አይሠራም።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ከፒያኖው በስተግራ ባለው ረድፍ ተቀመጡ፣ የፒያኒስቷን እጅ ታያላችሁ፣ ቼሎውም ሳይዋጥ ይደርሳችኋል። ከበሩ አጠገብ አትቀመጡ፤ ከኮሪደሩ የሚመጣው የቡና ማሽን ድምፅ ይረብሻል። ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከሰባት ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ይችለዋል። ዝናብ ካለ ከአራት ኪሎ በእግር መምጣት ታክሲ ከመጠበቅ ይፈጥናል። ተማሪ ከሆናችሁ መታወቂያ ያዙ፣ በር ላይ ይጠይቃሉ።